ፍኖቱ አንድ ከሆነ ፕሮቶኮሉ ምን ይመርጣል?

"ሲስተም የለም።"

በዚህ ዘመን ባንክ፣ ገቢዎች ወይም ውልና ማስረጃ ሄዶ ይህችን ሁለት ቃል ሳይሰማ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ዕድለኛ ነው። አዲስ አበባ ላይ ስትነገር ታናድዳለች፤ ሰውዬው አጉረምርሞ ሌላ ቅርንጫፍ ይሄዳል። ፍኖተ ሰላም ላይ ግን ትርጉሟ ይከብዳል። ከጃቢ ጠህናን ገጠር በማለዳ ተነሥተው በርበሬያቸውን ገበያ ያወጡ አዛውንት፣ የሸጡበትን ብር ደብተራቸው ላይ አስገብተው ለመመለስ ወደ መስኮቱ ሲጠጉ፣ ልጅቷ ቀና ብላ "አባቴ፣ ሲስተም የለም፤ ከሰዓት ይመለሱ" ትላቸዋለች። "ከሰዓት ስንት ሰዓት ልጄ? መንገዱ እኮ ይመሽብኛል" ይላሉ። እሷ አታውቅም። ሥራ አስኪያጁም አያውቅም። አዛውንቱ ብሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፣ በዚህ ጊዜ፣ በዚያ መንገድ፣ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ለመሆኑ የሌለው "ሲስተም" ምንድን ነው? የቅርንጫፉ ኮምፒውተር በርቷል። አዲስ አበባ ያለው የባንኩ ዋና ዳታ ሴንተርም አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል። የጠፋው በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ "ሲስተም የለም" ሳይሆን "መንገድ ተቋርጧል" ነበር። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ሲስተም ከጠፋ የሚጠበቀው ዕድል ነው፤ መንገድ ከተቋረጠ ግን ሌላ መንገድ ይጠየቃል። ደግሞም መንገድ መጠየቅን ሥራዬ ብሎ የተሠራ ዕቃ እዚያው ቅርንጫፍ ውስጥ፣ በተቆለፈ ካቢኔት፣ ማራገቢያው እያፏጨ ተቀምጧል።

ይህ ዕቃ ስዊች ራውተር ይባላል። ባለሙያዎቹ "ሌየር ስሪ ስዊች" ይሉታል። በአንድ በኩል የቢሮውን ኮምፒውተሮች ያገናኛል፤ በሌላ በኩል ደግሞ እያንዳንዱ የመረጃ ጥቅል፣ ማለትም ፓኬት፣ በየት በኩል ወደ መድረሻው እንደሚሄድ ይወስናል። የዕቃው መግለጫ ላይ የሚደግፋቸው የራውቲንግ ፕሮቶኮሎች ዝርዝር አለ፦ ሪፕ፣ ኦኤስፒኤፍ፣ ኢአይጂአርፒ፣ አይኤስ-አይኤስ፣ ቢጂፒ። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ይህን ዝርዝር እንዳለ ገልብጦ "መደገፍ አለበት" ብሎ ይጽፋል። አቅራቢው "ይደግፋል" ብሎ ይሞላል። ኮሚቴው ምልክት ያደርጋል። ዕቃው ይገዛል።

አሁን ደግሞ ቡሬ ላይ በአንድ መሥሪያ ቤት የተቀጠረ ወጣት የአይሲቲ ባለሙያ እንዳለ ይታሰብ። እንዲህ ያለ ልጅ በየወረዳው አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲ ሳለ በኮምፒውተር ላይ በሚሠራ የልምምድ ፕሮግራም አሥር ራውተር አገናኝቶ፣ ኦኤስፒኤፍ አስጀምሮ፣ አንዱን መስመር ቆርጦ፣ ፓኬቱ በሰከንዶች ውስጥ በሌላ በኩል ዞሮ ሲደርስ አይቶ ተደንቋል። ቡሬ ደርሶ ካቢኔቱን ሲከፍት ከቢሮው የሚወጣው ገመድ አንድ ነው። በስዊቹ ውስጥ የተጻፈው መመሪያም አንድ መስመር ነው፦ 0.0.0.0። ትርጉሙ "የማታውቀውን ሁሉ ወደ ላይ ላክ" ማለት ነው። በሙያው ቋንቋ ስታቲክ፣ በተለይም ዲፎልት ራውት ይባላል። በመንግሥት ቢሮ ቋንቋ "ለበላይ አካል ይቅረብ" ከሚለው ማስታወሻ ጋር አንድ ነው።

ልጁ ያንን ሁሉ ፕሮቶኮል የሚያስጀምርበት ቦታ የለውም። ፕሮቶኮል የሚመርጠው ምርጫ ሲኖር ነው።

(ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። መግለጫው ላይ "ይደግፋል" የተባለው ሁሉ ከዕቃው ጋር አይመጣም። በሲስኮ ካታሊስት 9000 ቤተሰብ፣ ለምሳሌ፣ ኔትወርክ ኢሴንሻልስ እና ኔትወርክ አድቫንቴጅ የሚባሉ ሁለት የፈቃድ ደረጃዎች አሉ፤ ቢጂፒ የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን፣ ውዱን፣ መግዛት አለበት። ከዚያ በፊት በነበሩት አንዳንድ ዝቅተኛ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ጥቂት ስታቲክ ራውት ከመጻፍ ያለፈ ነገር አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ የሚሆነው ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ ለማይጠቀሙበት ፕሮቶኮል በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል፣ ወይ ደግሞ የተፈለገው ዕለት ቁልፉ የለም ይባላል።)

እነዚህ ፕሮቶኮሎች ምን እንደሚያደርጉ ለመረዳት ግን ኮምፒውተር መማር አያስፈልግም። የምዕራብ ጎጃም ሰው ባለፉት ዓመታት በእግሩና በመኪናው ሲሠራበት የኖረው ነገር ነው። ከደብረ ማርቆስ እስከ ባሕር ዳር የሚሄድ ሹፌር በየከተማው ቆሞ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ "መንገዱ ክፍት ነው?" መልሱን የሚያገኝበት መንገድ ግን ይለያያል። ፕሮቶኮሎቹም የሚለያዩት በዚሁ ነው።

ሪፕ በወሬ የሚሄድ ነው። ደረጃው እ.ኤ.አ. በ1988 የተጻፈ አዛውንት ፕሮቶኮል ነው። እያንዳንዱ ራውተር በየ30 ሰከንዱ ለጎረቤቱ "እኔ እዚህ ቦታ በዚህን ያህል ምዕራፍ እደርሳለሁ" ይላል። ጎረቤቱ በዚያ ላይ አንድ ደምሮ ለራሱ ይይዛል፤ ለሚቀጥለው ደግሞ ያንኑ ያወራል። ካርታ የለም። የመንገዱ ስፋትና ጥራት አይጠየቅም፤ አስፋልት ይሁን ኮረኮንች፣ የሚቆጠረው የሚታለፈው ከተማ ብዛት ብቻ ነው። አበው "ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር" ይላሉ። ሪፕ የሚጨምረው መላ ሳይሆን አንድ ቁጥር ነው።

ችግሩ የሚመጣው መንገድ ሲቆረጥ ነው። ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ በአንድ መስመር ላይ ያሉ ሦስት ራውተሮች ናቸው ይባል፤ ጅጋ ለጊዜው ትቆይ። ደምበጫ ወደ ደብረ ማርቆስ "በ1 እደርሳለሁ" ትላለች። ፍኖተ ሰላም "በ2"፣ ቡሬ "በ3" ይላሉ። አንድ ቀን ከደምበጫ በታች ያለው መንገድ ይቆረጣል። ደምበጫ ይህን ለጎረቤቷ ሳትናገር፣ ፍኖተ ሰላም እንደ ልማዷ "እኔ ደብረ ማርቆስ በ2 እደርሳለሁ" ብላ ብታወራ፣ ደምበጫ ደስ ይላታል። "እንግዲያው በፍኖተ ሰላም በኩል በ3 ይደረሳል ማለት ነው!" ፍኖተ ሰላም ይህን ሰምታ "ደምበጫ በ3 ካለች እኔ በ4 ነኝ" ትላለች። ደምበጫ በ5። ፍኖተ ሰላም በ6። ሁለቱ ከተሞች የራሳቸውን ወሬ ከሌላው አፍ መልሰው እየሰሙ፣ የሌለ መንገድ እንዳለ እየተማመኑ፣ መኪናውን ወዲያና ወዲህ ይልካሉ። በሙያው ይህ "እስከ ወሰን የለሽ መቁጠር" የሚባል የታወቀ በሽታ ነው። መንገድ በተዘጋባቸው ወራት ከአንዱ መናኸሪያ ተነሥቶ ወደ ሌላው ሄዶ ተመልሶ "እዚያም ክፍት ነው ብለዋል" የተባለ ወሬ የሰማ መንገደኛ በሽታውን ያውቀዋል።

የሪፕ ሠሪዎች ለዚህ ሁለት መድኃኒት አበጁ። አንደኛው "ወሬውን ለነገረህ ሰው መልሰህ አታውራለት" የሚል ሕግ ነው። ሁለተኛው የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። ቆጠራው 15 ላይ ያበቃል፤ 16 ማለት "አይደረስም" ማለት ነው። መንገዱ የተቆረጠበት ራውተር ዝም አይልም፤ "ደብረ ማርቆስ 16" ብሎ ይናገራል። ያ ደካማ፣ ካርታ የሌለው፣ ወሬ አመላላሽ ፕሮቶኮል እንኳ መንገድ መዘጋቱን በግልጽ የሚናገርበት ቁጥር ተሰጥቶታል።

ኦኤስፒኤፍ ሌላ ነው። እሱን የሚመስለው የእድር ጥሩምባ ነው። ጥሩምባ ነፊው "እገሌ አርፏል፣ ቀብሩ እዚህ ደብር ነው" ሲል የሰማው ጎረቤት ላልሰማው ያንኑ ያደርሳል። አይጨምርም፣ አይቀንስም። ማን እንደሞተ፣ ማን እንዳስነገረ ከዜናው ጋር አብሮ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ከየቤቱ ወደ ደብሩ የሚያደርሰውን አቋራጭ ራሱ ያውቃል። ኦኤስፒኤፍም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ራውተር የሚናገረው ስለ ራሱ መስመሮች ብቻ ነው፦ "ከእነዚህ ጋር ተገናኝቻለሁ፣ የመስመሬ ዋጋ ይህን ያህል ነው።" ያ መልእክት ሳይቀየር ለሁሉም ይዳረሳል። ተራ ቁጥር ስላለው የድሮው ከአዲሱ አይምታታም። በመጨረሻ ሁሉም አንድ ዓይነት ካርታ ይይዛሉ፣ አጭሩን መንገድም እያንዳንዱ ለራሱ ያሰላል።

ስሌቱ የሆላንዳዊው የኤድስኸር ዳይክስትራ ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1956 ከእጮኛው ጋር አምስተርዳም ውስጥ ገበያ ሲዞር ደክሞት አንድ ካፌ ቁጭ እንዳለ፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ በ20 ደቂቃ ውስጥ እንዳሰበው በኋላ ተናግሯል። ጥያቄው ከሮተርዳም እስከ ግሮኒንገን አጭሩ መንገድ የቱ ነው የሚል ነበር። የአውቶቡስ ጥያቄ ነው። ከከተማ ወደ ከተማ ለመሄድ የሚያስብ ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው።

ኦኤስፒኤፍ ሌላም ልማድ አለው። ጎረቤት ራውተሮች በየ10 ሰከንዱ "ሄሎ" ይባባላሉ። ለ40 ሰከንድ ድምፁ ካልተሰማ ጎረቤቱ ሞቷል ተብሎ ይታመናል፤ ይህም ወዲያው ለሁሉም ይነገራል። ተደጋግሞ የሚነገረው የኔትወርክ ብልህነት መንገድ መምረጡ ነው። ከዚያ የሚቀድመው ግን ይህ ነው፦ የተቆረጠ መንገድ ሲኖር ቶሎ ብሎ፣ ሳይደብቅ መናገር። ምርጫው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለ ኢአይጂአርፒ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለረጅም ጊዜ የሲስኮ ብቻ ነበር፤ ኩባንያው ለሌሎች የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የቴሌኮም መሠረተ ልማቱ በብዛት በዜድቲኢና በሁዋዌ ዕቃ በተገነባ አገር ውስጥ በአንድ አምራች ቋንቋ ብቻ የሚግባባ ኔትወርክ መሥራት አያዋጣም።

ወደ መሬቱ ይመለስ። ምርጫ የለም ሲባል ምን ማለት ነው? ካርታውን ማየት ይበቃል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደጀን ላይ የደረሰ መንገድ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራና ዳንግላ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል። ሌላው በቢቸና፣ ደብረ ወርቅ፣ ሞጣና አዴት ዞሮ እዚያው ይደርሳል። ወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነው። ሁለት መንገድ፣ አንዱ ቢዘጋ አንዱ።

ነገር ግን ሁለቱም ደጀን ከመድረሳቸው በፊት ከጎሐ ጽዮን ወርደው የአባይን በረሃ በዚያው ስፍራ ይሻገራሉ። አሮጌው ድልድይ አለ፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው አዲሱም አጠገቡ አለ። ሁለት ድልድይ፣ አንድ ገደል። በክረምት ያ ቁልቁለት ሲናድ ሁለቱም መንገድ በአንድ ጊዜ ይቆማል። እውነተኛ አማራጭ የሚባለው ከቡሬ ወደ ነቀምቴ የሚወርደው መንገድ ነው፤ አባይን ራቅ ብሎ፣ በሌላ ቦታ ይሻገራል። ሌላው ከባሕር ዳር በወረታና በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚወጣው ነው። ለፍኖተ ሰላም ሰው ሁለቱም የሚጀምሩት በቡሬ በኩል ነው። ቡሬ ትንሽ ከተማ አይደለችም፤ በኔትወርክ ቋንቋ ቢነገር ብዙ መስመር የሚገናኝባት መስቀለኛ ናት። የተቀናጀው የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚያ የተተከለውም ያለ ምክንያት አይደለም።

በኔትወርክም ያው ነው። ፋይበሩ በብዛት የሚሄደው አውራ ጎዳናን ወይም የኤሌክትሪክ ምሰሶን ተከትሎ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት "ሁለት መስመር አለኝ" ሲል የሚጠየቀው ስንት መስመር እንዳለው ብቻ መሆን የለበትም። ሁለቱ አንድ ቦይ ውስጥ ከተቀበሩ አንድ ኤክስካቫተር በአንድ አካፋ ሁለቱንም ይዞ ይወጣል። ኦኤስፒኤፍ ይህን አያውቅም። እሱ የሚያየው ሁለት መስመር ነው፤ ሁለቱ አንድ ገደል ላይ እንደሚንጠለጠሉ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። በአዲስ አበባ ተቀምጦ የጨረታ ሰነድ የሚጽፍ ሰው ለፕሮቶኮል ዝርዝር አንድ ገጽ ሰጥቶ፣ መስመሩ አባይን በየት እንደሚሻገር አንድ ዐረፍተ ነገር ሳይጠይቅ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ከገደሉ በላይ ደግሞ ቅርጹ ራሱ አለ። በ1990ዎቹ ማብቂያ አካባቢ ወረዳኔት ሲዘረጋ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በሳተላይትና በምድር መስመር አገናኝቶ ለቪዲዮ ስብሰባ፣ ለስልክና ለኢንተርኔት እንዲያገለግል ታስቦ ነበር። ዓላማው የሚነቀፍ አልነበረም። የወረዳ አስተዳዳሪ ለአንድ ስብሰባ ሦስት ቀን አውቶቡስ ላይ ከሚያድር በስክሪን ቢሰበሰብ ይሻላል። ነገር ግን በእንዲህ ያለ ሥርዓት የሳተላይት ቅርጹ የኮከብ ነው፤ መሀሉ አዲስ አበባ፣ ጨረሮቹ ወረዳዎች። ቡሬ ለፍኖተ ሰላም አንድ ፋይል ልትልክ ብትፈልግ፣ በመካከላቸው ሠላሳ ኪሎ ሜትር የማይሞላ ምድር ሳለ፣ ፋይሉ 36,000 ኪሎ ሜትር ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ያንኑ ያህል ወርዶ መሀሉ ጋ ይደርሳል፤ ከዚያ እንደገና ወጥቶ እንደገና ይወርዳል። ብርሃን እንኳ ይህን ለመጨረስ ግማሽ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። የጎረቤት ሰላምታ በጠፈር በኩል ማለት ነው።

ዛሬ ፋይበር ሳተላይቱን በብዙ ቦታ ተክቷል፤ ቅርጹ ግን አብዛኛውን ጊዜ አልተቀየረም። የባንክ ቅርንጫፉ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ብር ሲያስተላልፍ ውሳኔው የሚሰጠው አዲስ አበባ ነው። የሂሳብ መዝገቡ አንድ ቦታ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ብር ሁለት ቦታ አይመዘገብም። ነገር ግን ለሁሉም ነገር ተመሳሳይ ቅርጽ መስጠት፣ የዞኑ ሆስፒታልና የጤና ጣቢያው እርስ በርስ የሚለዋወጡት መረጃ እንኳ መሀሉን ሳይረግጥ እንዳይሄድ ማድረግ፣ የቴክኒክ ግዴታ አይደለም። ልማድ ነው። የአስተዳደሩ መዋቅር ኬብል ሆኖ ተዘረጋ እንጂ ፕሮቶኮሉ እንዲህ ሁኑ አላለም።

ጎረቤት ኬንያ ይህን ነገር በሌላ መልኩ አይታዋለች። ናይሮቢ ውስጥ መንገድ ለመንገድ የሚተያዩ ሁለት ድርጅቶች የሚጻጻፉት ኢሜይል ባሕር ተሻግሮ ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የኢንተርኔት አቅራቢዎቹ በአገር ውስጥ የሚገናኙበትን ማዕከል ከፈቱ። የመንግሥቱ ቴሌኮም መብቴ ተነካ ብሎ ተቃወመ፣ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም በሳምንታት ውስጥ አዘጋው። ክርክሩ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጅቶ ማዕከሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ፈቃድ አግኝቶ ተከፈተ። ያኔ ያከራከረው ቴክኖሎጂ አልነበረም። ስዊቹ ያው ስዊች ነው፣ ፕሮቶኮሉም ያው ቢጂፒ ነው። ጥያቄው ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ያለ አስፈቃጅ መገናኘት ይችላል ወይ የሚል ነበር።

ቢጂፒ ከሌሎቹ የሚለየውም በዚህ ነው። ሪፕና ኦኤስፒኤፍ በአንድ ቤት ውስጥ መንገድ ይፈልጋሉ። ቢጂፒ በቤቶች መካከል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ሁለት መሐንዲሶች ምሳ ላይ በናፕኪን ላይ ነድፈውት የጀመረ ነው፣ ዛሬ የዓለም ኢንተርኔት የተገናኘበት እሱ ነው። የሚጠይቀው "አጭሩ የቱ ነው?" ብሎ ብቻ አይደለም። "ከማን ጋር ልሂድ? ማንን ላሳልፍ? ማንን ልከልክል?" ብሎም ይጠይቃል። ፖለቲካ የሚናገር ፕሮቶኮል ነው። ግብፅ እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ከኢንተርኔት ስትወጣ ዓለም ያወቀው በቢጂፒ ነበር፤ 3,500 የሚያህሉ የግብፅ አድራሻ መንገዶች በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ከዓለም ሰንጠረዥ ተሰረዙ። መዝጋት ነው፣ ግን የታየ መዝጋት ነው። የዓለም ራውተሮች ሁሉ "ግብፅ አይደረስም" ብለው ጻፉ።

የአማራ ክልል መዘጋት እንዲህ አልታየም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ በዚያው ሰሞን በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ በደረሰ የአየር ጥቃት ሰዎች መሞታቸው ሲዘገብ፣ በውጭና በአዲስ አበባ ያለ ዘመድ የሚደውልበትን ቁጥር ደጋግሞ እየነካ ነበር። በዚያን ቀን ግን የኢትዮጵያ አድራሻዎች በዓለም የቢጂፒ ሰንጠረዥ ላይ በቦታቸው ነበሩ። የአንድ ክልል የሞባይል ዳታ የሚዘጋው ከቢጂፒ በታች፣ በኦፕሬተሩ በራሱ ቤት ውስጥ ነው። ሰንጠረዡን ለሚያይ ሰው አገሪቱ ሙሉ ናት። ፍኖተ ሰላም 16 አልተባለችም።

እዚህ ላይ አንዳንድ ባለሙያ "ሁለተኛ ኦፕሬተር መጥቷልና ይሻሻላል" ይላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 መባቻ አገልግሎት መጀመሩ ለውድድር ጥሩ ነው፤ ለዋጋ፣ ለጥራት፣ ቁፋሮ ለቆረጠው ፋይበርም ምናልባት መፍትሔ ይሆናል። ለዚያኛው መዘጋት ግን አይሆንም። ሁለቱ ኦፕሬተሮች አንድ ትእዛዝ ከተቀበሉ ሁለት ድልድይ አንድ ገደል ላይ ናቸው። የፕሮቶኮል እውቀት ያለው ሰው "መዞሪያ አገኛለሁ" ቢል ራሱን ያታልላል። ፕሮቶኮል ከቁፋሮ፣ ከመብራት መጥፋት፣ ከተቃጠለ ካርድ ያድናል። ከውሳኔ አያድንም።

ከውሳኔ የሚጠየቀው ሌላ ነገር ነው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ራሱ ዕድሜ ነበረው፤ 6 ወር ተብሎ ጸደቀ፣ በ4 ወር ተራዘመ፣ ምክር ቤት ተከራከረበት፣ እጅ ወጣበት። አዋጁን የሚደግፈውም የሚቃወመውም መቼ እንደሚያበቃ ያውቅ ነበር። ኢንተርኔቱ ግን ለሕዝብ የተነገረ የማብቂያ ቀን አልነበረውም። ተማሪው ውጤቱን ለማየት፣ የቡሬው የበርበሬ ነጋዴ የአዲስ አበባን ዋጋ ለመስማት፣ የወምበርማዋ እናት ዐረብ አገር ያለች ልጇን ድምፅ ለማግኘት ስንት ወር መጠበቅ እንዳለባቸው የነገራቸው የለም። የጸጥታ ምክንያት አለ የሚል መንግሥት ምክንያቱን አቅርቦ፣ ቀን ቆርጦ፣ ማን እንደወሰነ ጽፎ ሊዘጋ ይችላል፤ ያንን መሟገት ይቻላል። ዝምታን መሟገት አይቻልም። ባንክ ቤት መስኮት ላይ "ሲስተም የለም" የሚለው ቃል ምቾቱ እዚህ ላይ ነው። ፋይበር ተቆርጦም፣ ጄነሬተር ነዳጅ ጨርሶም፣ ትእዛዝ መጥቶም መልሱ ያው ነው። ልጅቷ አልዋሸችም፤ ለእሷም የነገራት የለም።

ስለዚህ ቡሬ ላይ ያለው ወጣት ባለሙያ ምን ያድርግ? ትእዛዙን አይሽረውም። ሌላውን ሥራ ግን መጀመር ይችላል፣ ብዙውም ርካሽ ነው። ያለውን አንድ ገመድ ሁኔታ በየደቂቃው የሚመዘግብ ነፃ ፕሮግራም አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይጭናል። ከሦስት ወር በኋላ "ሁልጊዜ ይቆራረጣል" የሚለው ሮሮ ቀንና ሰዓት ያለው ሠንጠረዥ ይሆናል፤ ውል ያለው ደንበኛ ደግሞ ሠንጠረዥ ይዞ ሲከራከር ይሰማል። ለአለቃው ሁለተኛ መስመር እንዲጠይቅ ይነግረዋል፤ በፋይበር ላይ ማይክሮዌቭ፣ ወይም የሌላ ኦፕሬተር መስመር። ያኔ በመጀመሪያው ቀን ካቢኔቱን ከፍቶ ያየውን 0.0.0.0 አጥፍቶ ኦኤስፒኤፍ ያስነሣል፣ የዩኒቨርሲቲውም ትምህርት ሥራ ያገኛል። ከዚያ በፊት ግን የግዢ ክፍሉ በሚቀጥለው የጨረታ ሰነድ ላይ ከፕሮቶኮሎቹ ዝርዝር በላይ አንድ ጥያቄ እንዲጨምርለት መለመን አለበት፦ "ተጫራቹ የሚያቀርበው ሁለተኛው መስመር አባይን የሚሻገረው በየት በኩል ነው?"